ብዙ የሠራው ደህና ሆነ፣ ተሰክቶ የኖረው አበጠ፦ የሁለት ላፕቶፕ ባትሪዎች ጉዳይ ከባሕር ዳር

መነሻ

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ብልሽቶች የማይቀረው "ቻርጅ አይዝም" የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪውን ቀይሬ ሰውየውን እሸኛለሁ። ለምን እንደሞተ ለማጣራት ጊዜም አይኖርም፣ ማነጻጸሪያም አይገኝም።

ይኼ ጉዳይ ግን ማነጻጸሪያውን ይዞ መጣ። እህትና ወንድም ናቸው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ላፕቶፖች ገዙ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኖረ። ሌላው በቦርሳ ከጣና ዳር እስከ ቤተ መጻሕፍት ሲንከራተት ከረመ። የሞተው የተቀመጠው ነው። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና የሱቁን ቦታ ትቻለሁ።

ዳራ

እህትየው ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በአንዱ በር አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አላት። ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን ትሠራለች። ሱቋ ጠባብ ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። መስኮቷ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች። ላፕቶፑ የሚቀመጠው በዚያ መስኮትና በላሚኔሽን ማሽኑ መሀል ነበር። ላሚኔሽን ማሽን ደግሞ ሥራው ማሞቅ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ብትሆንም ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቷ ቀላል አይደለም። ቀን ላይ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ ጥላ ውስጥ ያለው ነው። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ያለው ሌላ ነው።

ወንድምየው የዓሣ ሀብት ተማሪ ነው። ለማስተርስ ጥናቱ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ የሚያስጠጉባቸው ቦታዎች እየሄደ ቀረሶና አምባዛ ሲለካ፣ ሲመዘን ይውላል። ውሎውን በላፕቶፑ ይመዘግባል። ሶኬት ሲያገኝ ይሰካል፣ ሳያገኝ በባትሪ ይሠራል። ማታ ማደሪያው ሲገባ ትንሽ ቻርጅ ያደርግና ነቅሎ ይተኛል። የሚነቅለው ስለ ባትሪ ተጨንቆ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ አብሮት የሚኖረው ልጅም ስልኩን ይሰካበታል።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እህትየው ላፕቶፑን ሁልጊዜ ሰክታ የምታቆየው በቸልተኝነት አይደለም። መብራት ይሄዳል። የሚሄድበት ሰዓትና የሚቆይበት ጊዜ አይታወቅም። ተማሪ ወረቀቱን ለማስገባት አንድ ሰዓት ሲቀረው መብራት ቢጠፋ እሷን የሚያድናት ያ ባትሪ ነው። ስለዚህ ምንጊዜም 100 እንዲል ትፈልጋለች። ከዚህ ጉዳይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ከዚህ ፍላጎት ጋር መጣላት እንደማያዋጣ ነው።

ችግሩ

ከተገዛ 20 ወሩ ነው። ግንቦት ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታረምበት፣ ተማሪ በሱቁ በር ላይ የሚሰለፍበት ወር። ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ቁጭ ብላ እርማት እያነበበችላት መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ልክ ሲጠፋ ባትሪው 96 ከመቶ ይል ነበር። የ11 ገጽ እርማት ሴቭ ሳይደረግ ሄደ። ተማሪዋ አለቀሰች። ባለሱቋም እንዳለቀሰች በኋላ ነግራኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ይዛልኝ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ሳስቀምጠው አንድ እግሩ እንዳጠረ ዱካ ተወዛወዘ። ታችፓዱን ተጫንኩት፤ አልገባም፤ ከሥር የሚገፋው ነገር አለ። ገልብጬ ሳየው የጀርባው ክዳን መሀሉ ላይ ከፍ ብሏል። ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አላበራሁትም።

"እህቴ፣ ይሄን ከሶኬት ትነቅይዋለሽ?" አልኳት።

"እንዴት ብዬ! ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን ሳይሞላ አላደረም። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅኩት።"

ልቤን የነካኝ ይህ ነው። የጎዳው ጥበቃዋ ነበር።

ሌላም ነገር ጨመረችልኝ። አንድ የምታምነው ሰው "በሳምንት አንዴ ባዶ እስኪሆን ጨርሰሽ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጊው፤ አለበለዚያ ይለምዳል" ብሏት ስለነበር እሑድ እሑድ ራሱ እስኪጠፋ ትተወዋለች። ይህ ምክር ሐሰት አይደለም፤ ዘመኑ ያለፈበት ነው። የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ሳይጨርሱ ደጋግሞ ሲሞሏቸው አቅማቸው የሚቀንስበት ሁኔታ ነበር። የዛሬ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት ሊቲየም አዮን ነው። በገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እሱ እንዲህ ያለ "ልማድ" የለበትም። ባዶ ማድረግ እንዲያውም ይጎዳዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን

መጀመሪያ ያበጠውን ባትሪ አውጥቼ ለየሁት። ይህ ሞዴል ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይነሳል። ዊንዶውስ የባትሪውን ታሪክ በሳምንት በሳምንት ስለሚመዘግብ ባትሪው ከወጣ በኋላም የቀድሞ መዝገቡ አለ። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ተከፍቶ "powercfg /batteryreport" ተብሎ ሲጻፍ ሪፖርቱን በፋይል ያወጣዋል። ነፃ ነው፤ ምንም አይጫንም። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

ሁለተኛው ላፕቶፕ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። "ወንድሜም ያው ዓይነት አለው፣ የሱስ ደህና ነው" አለችኝ። እንዲመጣ ለመንኩት። ቦርሳው የዓሣ ሽታ ይዟል፤ የላፕቶፑ ክዳን ተጭሯል፤ አንድ ማዕዘኑ ወድቆ ተሰንጥቋል። ለዓይን ያየ ሰው የትኛው ይሻላል ቢባል የእህትየውን ይመርጣል።

ሪፖርቶቹ ግን እንዲህ አሉ። ሁለቱም ባትሪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሠሩበት አቅም 41,040 ሚሊዋት ሰዓት ነው። የሱቁ በመጨረሻው ሳምንት ሲሞላ የሚይዘው 17,650 ነበር፤ 43 ከመቶ። የወንድምየው 34,470 ይዟል፤ 84 ከመቶ።

የዑደት ቁጥሩ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። አንድ ዑደት ማለት ተደምሮ የአንድ ሙሉ ባትሪ ያህል መጠቀም ነው። ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ቢጠቀሙ አንድ ዑደት ይሆናል። የሱቁ ባትሪ የሠራው 91 ዑደት ብቻ ነው። የወንድምየው 283። ከሦስት እጥፍ በላይ የሠራው ባትሪ ሁለት እጥፍ ያህል አቅም ይዞ ቀርቷል። ወንድምየው ሪፖርቱን አይቶ፣ "እታለም፣ የኔን እኮ ነበር 'አትጠነቀቅም' የምትይው" አላት። እሷ መልስ አልሰጠችውም፤ ቁጥሩን እንደገና አነበበችው።

በሱቁ ላፕቶፕ መዝገብ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር ነበር። አቅሙ በክረምት ወራት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ግን ቁልቁል ይሄዳል። ሁለቱም ዓመት እንዲሁ ነው። አንድ ዓመት ሲሞላው 27,900 ላይ ነበር። ያኔ ብናየው ኖሮ እርማቱም አይጠፋም፣ ባትሪውም አያብጥም ነበር።

ምን ጎዳው

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። መልቲሜትሬ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አለው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ላሚኔሽን እየተሠራ በነበረበት ቦታ፣ ላፕቶፑን ቀድሞ ይቀመጥበት በነበረው ጨርቅ ላይ አስቀምጬ አሠራሁት። ከሥሩ ባትሪው በሚቀመጥበት በኩል 46 ዲግሪ አነበብኩ። የወንድምየው ላፕቶፕ በዚያው ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 34 ነበር። ጨርቁ ለጌጥ የተነጠፈ ጥልፍ ነው፤ የላፕቶፑን የአየር መግቢያ ደፍኖታል።

ሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጡ ኬሚካል ነው። አንድ ሴል፣ ማለትም ባትሪውን ከሚሠሩት ክፍሎች አንዱ፣ ሲሞላ ቮልቴጁ 4.2 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ላይ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከኤሌክትሮዶቹ (ከሴሉ ሁለት ዋልታዎች) ጋር ቀስ እያለ ይዋሃዳል፤ ሊቲየሙም በማይመለስ መልኩ ይታሰራል። ሙቀት ሲጨምር ይህ ሁሉ ይፈጥናል። አንዳንዱ ውህደት ጋዝ ያወጣል፤ እብጠቱ እሱ ነው። ጠላ ጋን ውስጥ እስከ አፉ ሞልቶ አፉን ደፍኖ ፀሐይ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። መሙላቱ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ሞልቶ፣ ለወራት፣ በሙቀት ውስጥ መቆየቱ ነው የሚጎዳው።

"ቻርጅ በዝቶበት ተቃጠለ" የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። ባትሪው ሲሞላ ላፕቶፑ ራሱ ያቆመዋል። ትርፍ አይገባበትም። ስለዚህ "ሌሊቱን ሰክቼ ባድር ይፈነዳል?" ለሚሉኝ ሰዎች መልሴ አይደለም ነው። ግን በየቀኑ 24 ሰዓት በ100 ላይ ማኖር ዕድሜውን ያሳጥራል።

የእሑዱ ማስጨረስም የራሱን ጨምሯል። ከ91ዱ ዑደት አብዛኛው የእሱ ሳይሆን አይቀርም። የቱ ጥፋት ስንት ከመቶ እንደወሰደ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ሁለት ላፕቶፕ ላቦራቶሪ አይደለም። ነገር ግን ሙቀቱና ሙሉነቱ አንድ ላይ መሆናቸው ዋናው እንደነበር፣ በበጋ ቁልቁል የወረደው መዝገብ በቂ ምስክር ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ያበጠውን ባትሪ ከአሸዋ ጋር በብረት ጣሳ ውስጥ አድርጌ ከቤት ውጭ፣ ከሚነድ ነገር ርቆ አስቀመጥኩት። ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ አይበሱትም፣ ቻርጅ አያደርጉትም። አንዳንድ ልጆች "ጋዙን ላውጣለት" ብለው በመርፌ ሲወጉ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፤ ጭሱም ይመርዛል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አልጣልኩትም። እኛ አገር ቆሻሻ ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ጣና ታች ነው ያለው።

ቀጥሎ ቦታውን ቀየርን። ላፕቶፑ ከመስኮቱ ተነስቶ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሄደ። ላሚኔሽን ማሽኑ ሌላ ጠረጴዛ አገኘ። ጥልፉ ተነሳ። በአራቱ ማዕዘን ሥር ሁለት ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ደራርበን አደረግን። አየር እንዲገባ ነው። ማቀዝቀዣ መግዛት ሳያስፈልግ፣ በዚያው ሰዓት 46 የነበረው 37 ሆነ። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ በዋጋ ትንሹ፣ በውጤት ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ አዲስ ባትሪ ገባ፤ የቻርጅ ገደብም ተደረገ፣ ማለትም ባትሪው 100 ሳይደርስ በተወሰነ መቶኛ ላይ መሙላቱን እንዲያቆም ላፕቶፑ ተስተካከለ። እነዚህ ሁለቱ በመጀመሪያው ሙከራ አልተሳኩም።

ያልሠሩት

መጀመሪያ የገዛነው ባትሪ ርካሽ ነበር። እሷም ገንዘብ አጥሯት ነበር፣ እኔም "ይሞከር" አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስገጥመው ሪፖርቱ የተሠራበት አቅም 41,040፣ የሚይዘውም 41,040 አለ። ይህን ማየት ደስ ይላል፤ ግን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። እውነተኛ ባትሪ ሲለካ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል እንጂ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አይገጥምም። ባትሪው የሚናገረው በውስጡ ያለች ቺፕ የተጻፈላትን ነው። በተግባር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሠርቶ፣ ገና 31 ከመቶ እያለ ድርግም አለ። በወርቅ ሚዛን ሳይሆን በተራ የኩሽና ሚዛን ስመዝነው ከአሮጌው በ50 ግራም ገደማ ይቀላል። አቅም ክብደት አለው። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ሳልመዝን አልገዛም።

ሁለተኛውን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ዋጋው ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው። የተመረተበትን ቀን ቀድሜ በፎቶ አየሁ፤ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የኖረ ባትሪ ሳይሠራም ያረጃልና። ሲገባ 40,560 ያዘ።

ገደቡን መጀመሪያ 60 ላይ አደረግኩት። ከባትሪው ጤንነት አንጻር 60 ከ80 ይሻላል፤ እኔም ያሰብኩት ባትሪውን እንጂ ሴትዮዋን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ለ3 ሰዓት ያህል ጠፋ። ላፕቶፑ በ2 ሰዓት ከሩብ አለቀ። በዚያ ላይ ደንበኞች ስልካቸውን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ላይ ሰክተው ቻርጅ ሲያደርጉ ነበር። ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገርህ ሥራዬን ሊያስቆመኝ ነው፤ አጥፍቼዋለሁ" አለች። ሄጄ ሳየው 100 ላይ ተመልሷል። ፈጽሞ አልፈረድኩባትም።

ወደ 80 ከፍ ካደረግነው በኋላ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር ገጠመን። ረዳቷ ልጅ ላፕቶፑ ተሰክቶ "80፣ ቻርጅ አያደርግም" የሚል ስታይ ቻርጀሩ የተበላሸ መሰላት። ነቅላ ሰካች። ሶኬት ቀየረች። በመጨረሻ ቻርጀሩን ይዛ እኔ ጋ መጣች። የተነገራት ነገር አልነበረም። እኔም ባለሱቋን ብቻ ነበር ያስረዳሁት፤ ላፕቶፑን ቀኑን ሙሉ የምትጠቀመው ግን ልጅቷ ነች።

የሠራው

አሁን ያለው አሠራር እንዲህ ነው። በአዘቦት ቀን ገደቡ 80 ነው። መብራት ይጠፋል የሚል ማስታወቂያ ሲሰማ ወይም የመመረቂያ ሰሞን ሲሆን ማታውኑ ገደቡ ይነሳና 100 ይሞላል። ሥራው ሲያልፍ ወደ 80 ይመለሳል። አንድ ቀን 100 ላይ መዋል ባትሪ አይገድልም። ይህን በግልጽ ስነግራት ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ረገበ። የሚገድለው በየቀኑ መሆኑ እንደሆነ ስትረዳ ገደቡን በራሷ እጅ መልሳ አደረገችው።

ስልክ ከላፕቶፑ መሙላት ቀረ። ለዚያ የሚሆን ፓወር ባንክ ገዝታ ከሱቁ በር አጠገብ አስቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ በ80 ከመቶ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ታይፕ ማድረግ ቻለች። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግም አግዟል።

ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ረዳቷ በእጇ የጻፈችው ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፦ "80 ላይ መቆሙ ጤናው ነው። አትንቀሉ።" ከኔ ማብራሪያ ሁሉ የበለጠ የሠራው ያ ወረቀት ነው።

ሌላው መብራት ሲመለስ የሚደረገው ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፎበታል። ስለዚህ መብራት ትንሽ ሲደክም አይጎዳውም። የሚያሰጋው መብራት ሲመጣ አብሮ የሚመጣው ግፊት ነው። ኮፒ ማሽን፣ ፕሪንተርና ላፕቶፕ በአንድ ዲቫይደር ላይ ነበሩ። አሁን መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩ ይነቀላል። ሲመለስ 5 ደቂቃ ጠብቀው ይሰካሉ። ላፕቶፑም የራሱ ሶኬት አለው።

የእሑዱ ማስጨረስ ቆመ።

አዲሱ ባትሪ በገባ በዓመቱ ሪፖርት አወጣን። 38,530 ይዟል። ሲገባ ከነበረው 95 ከመቶ ነው። አሮጌው በዓመቱ 68 ከመቶ ላይ እንደነበር ከመዝገቡ አይተናል። ሱቁ ያው ነው፣ ቆርቆሮው ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው።

ለሌላው ሰው የሚሆነው

በቅድሚያ ሙቀቱን ይመልከቱ። ገደብ የሚባለው ነገር በላፕቶፕዎ ላይ ባይኖር እንኳ ከፀሐይ ማራቅ፣ ከሥሩ አየር ማስገባት፣ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አለማሠራት ለማንም የሚቻል ነው። መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት። እጅዎን ከሥሩ ሲያስገቡ ለረጅም ጊዜ መያዝ የማይቻል ከሆነ ለባትሪውም አይቻልም።

ገደቡ ብዙ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ተደብቆ ነው። ሌኖቮ ላይ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል። አሱስ ላይ ማይአሱስ ውስጥ ነው። ዴል ላይና ብዙ የኤችፒ የቢሮ ሞዴሎች ላይ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ አለ። ማክ ልማድዎን አይቶ 80 ላይ የሚያቆይበት የራሱ ዘዴ አለው። ስሙ በየሞዴሉ ስለሚለያይ "ባትሪ" የሚል ቃል ያለበትን ገጽ እየከፈቱ መፈለግ ነው። ምንም ገደብ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ 80 አካባቢ ሲደርስ መንቀል፣ ወደ 30 ወይም 40 ሲወርድ መሰካት በቂ ነው። በየደቂቃው ቁጥር እያዩ መኖር አያስፈልግም። ላፕቶፕ የተገዛው ሊሠራበት ነው።

ባትሪውን መጠቀም አይፍሩ። የወንድምየው 283 ዑደት ሠርቶ 84 ከመቶ መቅረቱ ይህን ይነግረናል። የሱም 16 ከመቶ አጥቷል። የማያረጅ ባትሪ የለም። የኛ ድርሻ እርጅናውን አለማፋጠን ነው።

ሪፖርቱን በሦስት ወር አንዴ አውጥተው ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ። ታችፓዱ ሲከብድ፣ ክዳኑ አልገጥም ሲል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲወዛወዝ ግን ሪፖርት አያስፈልገውም። አጥፍተው፣ ነቅለው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

ምክር የምንሰጥ ባለሙያዎችም አለን። "ሁልጊዜ ከ40 እስከ 80 ይሁን" ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። መብራት በማይታመንበት ከተማ የሚኖር ሰው ግን ባትሪውን የያዘው ለዚያች ለክፉ ቀን ነው። ያቺን ቀን ያላሰበ ምክር በሦስተኛው ሳምንት ይጣላል። የኔው 60 ተጥሏል።

ክረምት ላይ

አንድ ቀሪ ነገር ነበር። ሐምሌ ላይ ተማሪ ወደ የቤቱ ሲበተን ሱቁ ይዘጋል፤ እሷም ወላጆቿ ጋ ገጠር ትሄዳለች። መንገድ ላይ ሆና ደወለችልኝ። "የመመረቂያው ሰሞን ስለነበር 100 ሞልቶ ነው የተውኩት፤ አጠፋሁ እንዴ?" አለችኝ። ሞልቶ ለሁለት ወር መቀመጡ ጥሩ አይደለም፤ ባዶውን መቀመጡ ደግሞ የባሰ ነው፣ ቀስ እያለ በራሱ ስለሚወርድ። ግማሽ ላይ ማቆየት ይሻላል አልኳት። ቁልፍ ያላት ረዳቷ ሄደች። ከሶኬት ነቅላ አንድ ረጅም ፊልም ከፈተችበት፤ ሁለተኛውንም እዚያው ቁጭ ብላ አየች። 52 ሲል አጠፋችው። ከቆርቆሮው ርቆ ቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ቀኑንና ቁጥሩን ያንኑ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች። መስከረም ስትከፍተው 48 ነበር።